በታደለች ቤዝ ላይ የገጠምኩት ብሪጅ

ሁለት ጊዜ ጡረታ ወጥቻለሁ። መጀመሪያ ያወጣኝ መንግሥት ነው፤ ስድሳ ሞላህ ብሎ። ሁለተኛ ጊዜ ራሴን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ቀኝ እጄ ብሎን መፍቻ በያዘ ቁጥር መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ለቡ የነበረችኝን የጊታር መጠገኛ ሱቅ በገዛ እጄ ዘጋሁ። ማንም ዝጋ አላለኝም። ሙያው ስለሞተም አይደለም። ይህን የምለው ሰፈሬ ብስራተ ገብርኤል ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ጋሽ ዘውዱ፣ ዘንድሮ ሁሉ በኪቦርድ ሆነ አይደል? የናንተ ነገር አበቃ» እያሉ ከንፈር ለሚመጥጡልኝ ነው። አላበቃም። ከንፈራችሁን ለሌላ አቆዩት።

የመጀመሪያው ጡረታዬ ወረቀት ግን እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል። ሠላሳ ዓመት በአንድ ቴአትር ቤት ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ ስጠግን ኖሬ፣ የስንብት ደብዳቤዬ ላይ «የሥራ መደብ፦ የልዩ ልዩ ጥገና ረዳት» ተብሎ ተጻፈ። ደብዳቤውን ይዤ ሰው ኃይል ቢሮ ተመልሼ ገባሁ።

«የማን ረዳት ነው የነበርኩት?» አልኳት ጸሐፊዋን።

«ጋሼ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ የሚባል መደብ መዋቅሩ ላይ የለም።»

«እንግዲያው መዋቅሩ ይስተካከላ!»

«ለማን? እርስዎ እኮ ወጡ» አለችኝ። ልጅቷ ክፋት የላትም፤ እውነቷን ነው። ደመወዜም በዚያው በረዳት እርከን ሲከፈለኝ ስለኖረ ጡረታውም ያንኑ ያህል ነው። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። የምጽፈው መዋቅሩ ላይ ስላልነበረው ሥራ ነው።

እጄን ያሟሸሁት በጊታር አይደለም፤ በብረት ነው። በወጣትነቴ ንፋስ ስልክ አካባቢ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የቶርኖ፣ የብረት መቅረጫ ማሽን ሠራተኛ ነበርኩ። በዚያ ዘመን ፋብሪካው ሁሉ የኪነት ቡድን ነበረው፤ የእኛም ነበረው። አንድ ቀን የቡድኑ ቤዝ ጊታር ተበላሸ። ከአራቱ ክሮች አንዱ የሚያርፍበት ትንሽ ብረት ተሰብሮ ጠፍቶ ነበር። መለዋወጫ የሚባል ነገር አገር ውስጥ አልነበረም። እኔ ጊታር በእጄ ነክቼ አላውቅም፤ ግን ሌሎቹን ሦስት ብረቶች በካሊፐር ለክቼ፣ ከተጣለ የቧንቧ መክፈቻ ነሐስ አራተኛውን በቶርኖ አወጣሁት። ብሎኑንም ቀዳዳውንም ጨምሬ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የእኛ ቡድንና የአንድ ቴአትር ቤት ባንድ አብረው ሲሠሩ፣ አንድ ቀጠን ያለ ሰውዬ ጊታሩን ገልብጦ ያችን ነሐስ በጥፍሩ መታ መታ አደረጋት። ከዚያ ለጆሮው አስጠግቶ እንደገና መታት።

«ይቺን ማን ነው የሠራት?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ነበር።

«ከሌሎቹ ሦስቱ የምትሻለው እሷ ናት። ሌሎቹን ሦስቱንም ሥራቸውና እኔ ጋ ና።»

ጋሽ በላቸው እንዲህ ነው የያዘኝ። የቴአትር ቤቱ መሣሪያ ጠጋኝ እሱ ነበር። እኔ በሕይወቴ የአንድ ሰው ረዳት ሆኛለሁ፤ የእሱ። እሱ ሲያርፍ ረዳትነቴም አብሮ አርፏል። መዋቅሩ ይህን አያውቅም።

የጋሽ በላቸው አሠራር ሰውን ያስቸግር ነበር። ሌላው ሠራተኛ ሥራ ሲጨርስ ነው እጁን የሚታጠበው። እሱ ሥራ ሳይጀምር ይታጠባል፤ ሲጨርስ በግራሶው ወደ ቤቱ ይሄዳል። «መሣሪያው ነው ንጹሕ እጅ የሚያስፈልገው፣ ባለቤቴ ለምዳዋለች» ይላል። ጊታር ሲመጣለት ደግሞ ቶሎ አይፈታም። ባለቤቱን ወንበር ሰጥቶ «ተጫወት» ይለዋል። ሰውዬው ሲጫወት እሱ ጊታሩን አያይም፤ ጣቶቹን ነው የሚያየው። ሥራው ካለቀም በኋላ ያው ሰው እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ካልተጫወተ ጊታሩ ከክፍሉ አይወጣም። አንድ ጊዜ አንድ ዝነኛ ተጫዋች መኪና እየጠበቀችው «ጋሼ፣ ቸኩያለሁ» ሲለው፣ «መኪናዋ ከሄደች ሌላ መኪና አለ» ብሎ አስቀምጦታል።

ሌላው አመሉ ከሜትሩ ጋር ነው። የሜትር ጫፍ ላይ ያለችው ቆልማማ ብረት በጊዜ ብዛት ትላላለች፤ ስትላላ ትዋሻለች። ስለዚህ እሱ ከዜሮ አይለካም። ከአንድ ሴንቲሜትር ነው የሚጀምረው። ከዚያ ቁጥር ሲያነብ ያችን አንድ መቀነስ፣ ምልክት ሲያደርግ ደግሞ መጨመር አለበት። እንዳይረሳት ሜትሩን በዘረጋ ቁጥር ጮክ ብሎ «አንድ አለብኝ!» ይላል። ሰው ቢኖር ባይኖር ይላል። ሚኒስትር ሊጎበኘን የመጣ ቀን እንኳ «አንድ አለብኝ!» ብሎ ጮኾ አጃቢዎቹ ደንግጠው ነበር። እኔም ከእሱ ጋር እስከሠራሁ ድረስ እጮኽ ነበር።

አለቆች መጥተዋል፣ ሄደዋል። አብዛኞቹ ግምጃ ቤቱ ውስጥ የቆመ አሮጌ ጊታር ሲያዩ «ይወገድ» ማለት ይወዱ ነበር። አንዱ በየዓመቱ የሚወገድ ዝርዝር ያዘጋጅ ነበር፤ እኔ በየዓመቱ ዝርዝሩ ላይ ያሉትን ጠግኜ መድረክ ላይ አስወጣቸው ነበር። «ዘውዱ፣ አንተ ሰውዬ እኮ ሥራ ታበዛብኛለህ» ይለኝ ነበር። ይህን እንደ ምስጋና ነው የቆጠርኩት።

ብሪጅ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። የቤዝ ጊታር ክር ከአንገቱ ጫፍ ይነሣና ገላው ላይ የተመታ ብረት ላይ ያርፋል። ያ ብረት ነው ብሪጅ። በፋብሪካ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የታጠፈ ስስ ቆርቆሮ ነው። ላብ ያዝገዋል፣ ብሎኖቹ ይላላሉ፣ ወፍራሙ ክር ሲመታ ይንጫጫል። ስለዚህ ተጫዋቾች በከባድ የነሐስ ብሪጅ ያስለውጡታል። አንዳንዱ ወጣት ስልኩ ላይ ያየውን ይዞ ይመጣና «ጋሼ፣ ይሄን ካስገባሁበት ጊታሬ ሌላ ጊታር ይሆናል አይደል?» ይለኛል። አይሆንም። ብሪጅ ድምፅ አይፈጥርም፤ የሚባክነውን ድምፅ ነው የሚይዘው። ሌላው ደግሞ «ብረት ብረት ነው፣ ምን ለውጥ አለው?» ይላል። እሱም ተሳስቷል። ዝም ብሎ ጣቱን አንድ ኖታ ላይ አቆይቶ ይስማ፤ በቆርቆሮው ቶሎ የሚሞተው ድምፅ በነሐሱ ላይ ይቆያል።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ አምስት ብሎን ፈትቶ አምስት ብሎን ማሰር። ግን አዲሱ ብሪጅ የድሮውን ቀዳዳ አይገጥምም። የድሮውን ቀዳዳ በወይራ ችካል ትደፍናለህ፤ ለስላሳ እንጨት ከሆነ ብሎኑ አይነክስም። ከብሪጁ ሥር የምትወጣ ቀጭን ሽቦ አለች፤ ብረቱን ካልነካች ጊታሩ ድምፅ ማጉያ ላይ ሲሰካ እንደ ንብ ይጮኻል። ብሎኑን ከማስገባትህ በፊት ሳሙና ታስነካዋለህ። ከሁሉ በላይ ግን ቦታው ነው። ከአንገቱ ጫፍ እስከ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት፣ አንገቱ ላይ እስከተሰካችው አሥራ ሁለተኛ ቀጭን ብረት ድረስ ያለው ርቀት፣ ከዚያ እስከ ክሩ ማረፊያ ካለው ርቀት ጋር እኩል መሆን አለበት። ከጎደለ ጊታሩ ከታች ደህና ይመስልና፣ ጣትህ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ከቃናው እየሾለከ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አሁን የማያውቅ ሰው የሚሠራውን ስህተት እንዴት እንደሠራሁ ልናገር። የሥራ ዘመኑን የሚጽፍ ሰው ሁሉ ድሉን ይደረድራል፤ እኔ ጥፋቴንም እጽፋለሁ፤ የሚቀየመኝ ካለ ይቀየመኝ።

ለቡ ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ ነው። ታደለች የምትባል የጀሞ ልጅ ቤዟን ይዛ መጣች። ወላጆቿ ከወላይታ ናቸው፤ እሷ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። በሰፈሯ ቤተ ክርስቲያን የመዝሙር ቡድን ውስጥ ቤዝ የምትጫወተው እሷ ነበረች። ሴት ልጅ ቤዝ ስትይዝ አሁንም የሚያጉረመርም አለ፤ እሷ ግን በራሷ ገንዘብ ጊታር ገዝታ፣ ራሷን አስተምራ፣ ቦታዋን አስከብራ ነበር። ዘመድ ከውጭ የላከላትን ከባድ ብሪጅ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«ጋሽ ዘውዱ፣ እሁድ ትልቅ ጉባኤ አለን። ከሌላ አጥቢያም ይመጣሉ። ይደርስልኛል?»

ቀኑ ዓርብ ጠዋት ነበር። «ይደርሳል እንጂ!» አልኩ። ጋሽ በላቸው ቢሆን ኖሮ ሰኞ ነይ ይላት ነበር።

ፈታሁ፣ ደፈንኩ፣ ለካሁ። ሱቄ በር ላይ ተራ የሚጠብቁ ሦስት ደንበኞች ቆመው ያዩኝ ነበር። ሜትሩን ከአንድ ጀምሬ ዘረጋሁ፤ ልማዱ አልለቀቀኝም። «አንድ አለብኝ» የሚለውን ግን አላልኩም። ጋሽ በላቸው ካረፈ ጀምሮ ሰው ፊት ማለቱን ትቼዋለሁ፤ እንደ እብድ እንዳያዩኝ አፍሬ። የክሩ ርዝመት ሰማንያ ስድስት ሴንቲሜትር ከአራት ሚሊሜትር ነው፤ እዚያው ሰማንያ ስድስት ከአራት ላይ ምልክት አደረግኩ። ከአንድ ስለጀመርኩ መሆን የነበረበት ሰማንያ ሰባት ከአራት ነው። አንዷ ቀረች።

ቅዳሜ ስትመጣ ታክሲ ወረፋ ይዛ ስለነበር እንድትጫወት አላስቀመጥኳትም። እኔው ከታች ከታች ሞከርኩት፤ ድምፁ ወፍራምና ግሩም ነበር። ሰጠኋት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የቸኮልኩት እኔ፣ የፈሰሰው የእሷ።

ሰኞ ጊታሩን ተሸክማ ተመለሰች። ዓይኗ አብጧል።

«ጋሽ ዘውዱ፣ ከታች ደህና ነው። ወደ ላይ ስወጣ ግን ከዘማሪዎቹ ጋር አልገጥም አለ። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየኝ። የቡድኑ መሪ በምልክት አቁሚ አለኝ።»

መለካት ነበረብኝ። ሜትሩ አጠገቤ ነበር። እንደገና ሰው ቆሟል፤ እንደገና ኩራቴ ቀደመኝ።

«ልጄ» አልኳት፣ «ብሪጁን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሠርቼዋለሁ። አንቺ ላይ ስትወጪ ደንግጠሽ አጥብቀሽ ትጫኛለሽ፤ ክር ሲጫኑት ቃናው ይሾልካል። ጣትሽ ነው።»

ግራ እጇን ዘርግታ ጣቶቿን አየቻቸው። ያን አስተያየቷን አልረሳውም። «እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ወጣች። ያመሰገነችኝ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ዓመት አለፈ። አንድ ጠዋት ጀሞ አንድ ሆቴል ውስጥ የሚጫወት ፍሬው የሚባል ጎረምሳ ጊታር ይዞ ገባ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር አሳብዶኛል። ማስተካከያ ብሎኖቹን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ስቤያቸዋለሁ፤ አሁንም ላይ ላይ ይሾልካል።»

ገልብጬ አየሁት። የወይራ ችካሎቹን አወቅኋቸው፤ ሰው የገዛ ስፌቱን አይስትም። ሜትሩን አነሣሁና፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በዓመታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ «አንድ አለብኝ!» አልኩ። ፍሬው ወደ ኋላ አፈገፈገ። ቁጥሩን አየሁና አንዷን ቀነስኩ። ልክ አንድ ሴንቲሜትር ጎድሎታል።

«ይሄን ጊታር ከየት አገኘኸው?»

«ከአንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነው የገዛሁት። መጫወት ትቻለሁ ብላ ሸጠችልኝ። ጣቴ አይሆንም አለችኝ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ለእኔ ሲጠራ ጊዜ ያየሁት የራሴን ፊት ነው፤ አልወደድኩትም። ያን ዕለት ሱቁን ዘግቼ አለቀስኩ። ስድሳውን ያለፈ ወንድ በአንድ ሴንቲሜትር አለቀሰ የሚል ካለ፣ አዎ፣ አለቀሰ።

በማግስቱ ፍሬውን ጠራሁትና ለራሴ ያስቀመጥኩትን ቤዝ ሰጠሁት፤ አንገቱን እኔ ያቃናሁት፣ ብሪጁን እኔ በቶርኖ ያወጣሁለት ነው። በእሷው ጊታር ለውጠኝ አልኩት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የተሻለ ነው። ለምን?» አለኝ።

«ያ የእኔ ጥፋት ነው። ጥፋቴን መልስልኝ።»

ሁለት ቀን ሠራሁት። የራሴን ቀዳዳዎች እንደገና በወይራ ደፈንኩ። ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ ሦስቴም ጮኽኩ። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ብቅ ብሎ «ጋሽ ዘውዱ፣ ማን አለብህ?» ሲለኝ «አንድ ነው ያለብኝ፣ አትጨነቅ» አልኩት። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ነክቶ መልቀቅና ተጭኖ መምታት አንድ ዓይነት ድምፅ እስኪሰጡኝ ድረስ አልተነሣሁም።

ቅዳሜ ከሰዓት በሚኒባስ ጀሞ ወረድኩ። ቤተ ክርስቲያናቸው ቆርቆሮ አዳራሽ ነው። እኔ በገብርኤል ያደግኩ ሰው ነኝ፤ እግሬ እዚያ ገብቶ አያውቅም። ሰፈር ውስጥ «ዘውዱ ጴንጤ ሆነ» ሊሉ ይችላሉ። ይበሉ። ልምምድ ላይ ነበሩ። አንዱ ኪቦርድ ላይ በግራ እጁ ቤዙን ይሸፍናል። ታደለች ከዘማሪዎቹ ኋላ መስመር ላይ ቆማ ትዘምራለች። ስታየኝ አፏ ላይ ያለው መዝሙር ቆመ።

የቡድኑ መሪ ሳሙኤል የሚባል ትሑት ወጣት ነው። ወደ እኔ መጣ። «ጌታ ይባርክዎት አባባ። ምን እንርዳዎት?»

«ልረዳ አልመጣሁም። ልናገር ነው የመጣሁት» አልኩና ጊታሩን ከቦርሳው አወጣሁ። «ዓምና በጉባኤያችሁ ላይ ይህች ልጅ ስትጫወት ቃናው የሾለከው በእሷ ጣት አይደለም። ብሪጁን አንድ ሴንቲሜትር አሳስቼ የገጠምኩት እኔ ነኝ። መጥታ ነግራኛለች። ሳልለካ ጣትሽ ነው ብዬ መለስኳት። ውሸቴን ነው። እሷ አልተሳሳተችም፤ ጆሮዋም ትክክል ነበር።»

ሳሙኤል እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። «አባባ፣ ያለፈ ነገር ነው። እኛ ይቅር ብለናል።»

«ይቅርታ የጠየቅኩት እናንተን አይደለም» አልኩት። «እሷን ነው። እናንተ ደግሞ የራሳችሁን ጠይቋት።»

ታደለች ከመስመሩ ወጥታ መጣች። አላለቀሰችም። ፊቷ ደንድኖ ነበር።

«ጋሽ ዘውዱ፣ ያኔ ጣትሽ ነው ሲሉኝ አመንኩዎት። ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እንኳ ይሄን ጣት አየው ነበር። አሁን ተሠርቷል ሲሉኝ ግን አላምንዎትም። ይስጡኝ፣ ራሴ ልየው።»

ሰጠኋት። እንዲያ ስላለችኝ ደስ አለኝ፤ ተጫዋች እንዲህ ነው መሆን ያለበት። ገመዱን ሰካች፤ አልጮኸም። ቃኘች። ከታች ጀመረችና አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል ወደ ላይ ወጣች። አሥራ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷን አሳርፋ አቆየችው። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ማንም ሳያዘው ያንኑ ኖታ ነካ። ሁለቱ ድምፆች ተደራረቡ፤ መሐላቸው ላይ ምንም አልተንቀጠቀጠም። ከዚያም በላይ ወጣች፤ እዚያም ልክ ነበር። ከዘማሪዎቹ አንዷ «ሃሌሉያ» አለች በለሆሳስ።

ሳሙኤል ፈገግ አለ። «በጣም ደስ ይላል እህት ታዱ። እንግዲህ የኪቦርዱ አደረጃጀት ስላለ፣ ቡድኑ ቁጭ ብሎ ይነጋገርና...»

ታደለች የጊታሩን ማንገቻ ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«ወንድም ሳሚ» አለችው፣ «እኔ ስወርድ ማንም ቁጭ ብሎ አልተነጋገረም። የነገን መዝሙሮች ዝርዝር ስጠኝ።»

ሳሙኤል እኔን አየኝ፣ ኪቦርዱን አየ፣ እሷን አየ። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት።